ያልተመታ ቴምብር

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

የፖስታ ከረጢቱ ዛሬም በሰዓቱ አልመጣም። ሹፌሩ ጎማ ፈነዳብኝ አለ። የዚህ ሰው ጎማ ሳይፈነዳ የመጣበትን ቀን አላስታውስም። አቧራው ውስጥ ድረስ ገብቶ ደብዳቤው ሁሉ ቀይ ሆኗል። አራገፍኩ፣ ለየሁ። የሚሲዮኑ እዚህ፣ የአውራጃው እዚያ፣ የት/ቤቱ፣ የነጋዴዎቹ።

ለወ/ሮ ዘይነባ ዛሬም የለም። ቅቤ ነጋዴዋ ናቸው። ልጃቸው ኑሪ አ.አ. ጋራዥ ይሠራል። አባትህ ታሟል፣ ሳይመሽ ድረስ ብለው ካስጻፉኝ ሰነበተ። ጻፊውም እኔ፣ ላኪውም እኔ። በመስኮቱ ብቅ ሲሉ ራሴን ነቀነቅኩ። አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኛል።

ከረጢቱ ሥር ለእኔ የተጻፈ ነበር። ከዋናው መ/ቤት። ማስታወሻዬ፣ የሚለውን ልገልብጥልሽ። ከዚህ ከሆሳዕና በሚላኩ ደብዳቤዎች ቴምብር ላይ ማኅተም አልተመታም ይላል። ማኅተሙ ያለው ጎን ላይ፣ ባዶው ወረቀት ላይ ነው። ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ። ተቆጣጣሪም ይላካል።

ያልተመታ ቴምብር ምን ማለት እንደሆነ ይሄን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቃል። በእንፋሎት ተልጦ እንደገና የሚሸጥ ማለት ነው። ሌባ ብለውኛል። ቃሉን አልጻፉትም እንጂ።

ራት አልወርድ አለኝ። ሚስቴ ብርሃኔ ምን ሆንክ ብትለኝ ቆጮው ደርቋል አልኳት። አልደረቀም ነበር። ተቀየመች።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ ማለዳ

ለምን እንደማልመታ ላንቺ ልንገርሽ። ለሌላ ለማንም መናገር አልቻልኩም።

መስከረም ላይ ነው። አንድ ግራዝማች አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ግ/ማች ይበቃል። የምንኖርበት ቤት የሳቸው ነው። ለልጃቸው ደብዳቤ ሊልኩ መጡ፤ ልጃቸው አ.አ. ይማራል። ተቀበልኩ፣ ቴምብሩን ለጠፍኩ፣ ማኅተሙን ቀለም አስነካሁና እንደ ሁልጊዜው መታሁ። ቴምብሩ ላይ ያለው እንግዲህ የጃንሆይ ፊት ነው። ግ/ማች በከዘራቸው ባንኮኒውን ደለቁት። «አንተ! የንጉሠ ነገሥቱን ፊት በብረት ትቀጠቅጣለህ? ያውም እኔ ቆሜ?»

ሰው ተሰበሰበ። ደንቡ ነው ጌታዬ ልል አፌን ከፈትኩ። ስደነግጥ አማርኛዬ ጥሎኝ ይጠፋል፣ ከምባትኛው ቀድሞ ይወጣል። ሳቁብኝ። ግ/ማች አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለተኛ ካየሁህ ለገዥው ታስረዳለህ አሉኝ። የሚሲዮን ልጅ ስለ ንጉሥ ክብር ምን ያውቃል አሉና ወጡ።

መጀመሪያ የሳቸውን ደብዳቤ ብቻ ነበር ጎኑን የምመታው። ኋላ አሽከራቸው በረንዳው ላይ መቀመጥ አበዛ። ምን ያያል፣ ምን ይነግራል? ስለዚህ የሁሉንም ጎኑን መምታት ጀመርኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ጅል!

ያው ረቡዕ፣ ከሥራ በኋላ

መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ቀደድኩ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ግ/ማች ከለከሉኝ ብል ይጠየቃሉ። ሲጠየቁ የንጉሡን ክብር ጠበቅኩ ይላሉ። እሱ ምን እያደረገ ነበር ሲባል የጃንሆይን ፊት በብረት ይመታ ነበር ሊሉ ነው። ከዚያ ማን ይሰማኛል? በዚህ አገር ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ታስሯል።

ብርሃኔ አስተማሪ ናት። ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ ላይ ለይታ ስለምትጽፍ ኑሮም እንደዚያ ይመስላታል። እውነቱን ጻፍና ተገላገል አለችኝ። እውነት ሲጽፉ ማደሪያም ያስፈልጋል፣ ግድግዳው የማን ነው አልኳት። አፈጠጠችብኝ። ፈሪ አላለችኝም። ግን አየሁት፣ ከንፈሯ ላይ ነበር።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ገበያ። ግርግር። ወ/ሮ ዘይነባ ቅቤያቸውን ሸጠው መጡ። እጃቸው ገና በቅቤ ወዝቶ ቴምብር በጣታቸው ጫፍ አንስተው ገለባበጡት። ባላቸው ከመኝታ አልተነሱም። በተንኳኳ ቁጥር ኑሪ ነው ወይ እያሉ ይጠይቃሉ።

ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጡብኝ። ይሄ ቴምብር የምትሉት ስሙ ምን ማለት ነው ልጄ? የማን ቋንቋ ነው? በሐድያኛ የለም። አማርኛ ይመስለኝ ነበር፣ የሚያውቁ ግን አማርኛ አይደለም አሉኝ። ደብዳቤዬን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ከሆነ ስሙን ልወቀው፣ ምናልባት መንገዱን የማያውቅ ይሆናል አሉ። ቀልድም ይመስላል፣ ቀልድ ግን አይደለም።

አላውቅም። በሕይወቴ ሙሉ ቴምብር በምላሴ እያረጠብኩ ስለጥፍ ምን ማለት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። አፈርኩ።

ማታ ብርሃኔን ጠየቅኳት። ይሄ ምን ይጠየቃል፣ ከግዕዝ ነው፣ «ትእምርት» ማለት ምልክት አይደለም እንዴ፣ ሲነገር ሲነገር ቴምብር ሆነ አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳላት! በተኮራረፍንበት መሐል እንደዚህ ስትናገር ሳቄ መጣ። ግን «ብ» ከየት ገባች ብላት ቆመች። እሷን ነገ አስብባታለሁ አለች።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

የካቶሊክ ሚሲዮኑ አባ ጋዜጣቸውን ሊወስዱ መጡ። ፈረንሳዊ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፣ ያናድዳል። የእኛ የፕሮቴስታንቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከሳቸው ጋር ስቆም ቢያዩኝ ደስ አይላቸውም። ቢሆንም የቃሉን ነገር ጠየቅኳቸው።

ወንበር ስጠኝ አሉ። ደስ አላቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው ኖረዋል መሰለኝ። ቃሉ የፈረንሳይ ነው። ፈረንሳይም ከጽርእ፣ ከግሪክ ነው የወሰደው። ጥንት ቴምብር ማለት ከበሮ ነው! ልብ በይ ማስታወሻዬ፣ ከበሮ። ቆይቶ ምላስ የሌላት፣ ከላይ በመዶሻ የምትመታ ደወል ቴምብር ተባለች። ቆይቶ የባላባቶች አርማ። ከዚያ በወረቀት ላይ የሚመታ የመንግሥት ማኅተም። ደብዳቤም መጀመሪያ የሚለጠፍ ነገር አልነበረውም፣ ማኅተም ብቻ ይመታበት ነበር፤ ቴምብር የሚሉት ያንን ምት ነው። የምትለጠፈዋ ወረቀት ኋላ ስትመጣ ስሙን ከሱ ወረሰች። የእኛም የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፈረንሳይ አገር ታትመው ስለመጡ ቃሉም አብሮ መጣ አሉ።

ከሄዱ በኋላ ማኅተሙን አንስቼ ገለባበጥኩት፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ። እንግዲህ ቴምብር ማለት ምቱ ነው። ፊቱ ኋላ መጥቶ የተቀመጠበት ነው። እኔ ሳልመታ የምልከው ስሙን ብቻ ነዋ! ይሄን ጮክ ብዬ አልናገርም።

ብርሃኔ ትእምርቷን ስለነጠቅኳት አኮረፈች። ትንሽ ቆይታ፣ ከበሮ! አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ተቆጣጣሪው ትዝ አለኝ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ምን ነካኝ? ምን ሰይጣን ገፋኝ? ግ/ማች ቤት ሄድኩ። ነገሩን ከሥሩ ባስረዳቸው ይገባቸዋል ብዬ። የቃሉን አመጣጥ ሌሊቱን ስለማመደው ነው ያደርኩት፣ አማርኛዬ እንዳይጠፋብኝ። አልጠፋም። ሁሉንም አሳምሬ ተናገርኩ።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ የጃንሆይን ፊት ከበሮ ነው ልትለኝ ነው የመጣኸው? አሉ። አይደለም ጌታዬ፣ ቃሉ ነው። የማን ቃል? የፈረንሳይ። የገዛ ንጉሡን አንገት የቆረጠ አገር ስለ ንጉሥ ፊት ሊያስተምረኝ ነው? አሉ።

ውጣ አሉኝ። ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ። የልጃቸው ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ጠየቁ። አልመጣም አልኩ። መስቀል አለፈ እኮ፣ ድምፁን አላሰማም አሉ። ድምፃቸው የመስከረሙ ሰውዬ ድምፅ አይደለም። ፈራኋቸውም አዘንኩላቸውም። ሁለቱ አንድ ላይ ይሆናሉ ብዬ አላውቅም ነበር።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

መጣ። ተቆጣጣሪው። ወጣት ነው፣ ከረባቱ ላይ አቧራ። ትሑት ነው፣ ይሄ ይብሳል።

ሣጥኑን አየ፣ ቴምብሩን ቆጠረ። አልጎደለም። ሌባ አለመሆንህን አይቻለሁ አለ። ተነፈስኩ። ታዲያ ለምን? አለኝ። ነገርኩት። ግ/ማችን፣ ከዘራውን፣ ሁሉን። መሐል ላይ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። ይሄን አልሰማሁም፣ አንተም አልተናገርክም፣ ይሄ ወረቀት ላይ ከሰፈረ አንተም እኔም አንተርፍም አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከአ.አ. የመጣው ሰው ከእኔ ብሶ ይፈራል!

ከዚያ የባሰውን ነገረኝ። ቴምብራቸው ያልተመታ የሆሳዕና ደብዳቤዎች አ.አ. ታግደው ተቀምጠዋል። አንድም አልታደለም። ጉዳዩ እስኪጣራ ክምር ናቸው።

ክምር። የወ/ሮ ዘይነባም እዚያ ውስጥ ነው። ኑሪ አባቱ መታመሙን አያውቅም። እኔ እዚህ በየሳምንቱ ራሴን እየነቀነቅኩ መንገድ ነው፣ ጎማ ነው ስል ከርሜአለሁ። የያዝኩት እኔ ነኝ።

ተቆጣጣሪው ወረቀት አዘጋጅቶ መጥቷል። «በሥራዬ ላይ ባሳየሁት ቸልተኝነት» ይላል። ከፈረምኩ ደብዳቤዎቹ ወዲያው ይለቀቃሉ፤ እኔ ከደረጃዬ ዝቅ ብዬ ወደ ሌላ ቦታ እዛወራለሁ። የራሴን ምክንያት እጽፋለሁ ካልኩ ነገሩ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ደብዳቤዎቹም ማስረጃ ሆነው እስኪወሰን አይነኩም። አስብበት፣ ዱራሜን አይቼ ማክሰኞ እመለሳለሁ አለ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ቸልተኛ! እኔ! ፊቱን ላለመንካት እያንዳንዷን ደብዳቤ ስለካ፣ ስጠነቀቅ፣ ትንፋሼን ይዤ የምመታ ሰው! ከእኔ የበለጠ የተጠነቀቀ አለ? ምን ብለው ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ሲነጋ ልፈርም ነው፣ ረፋድ ላይ አልፈርምም። ብርሃኔ ዛሬ ምንም አትመክረኝም። የፈለግኸውን አድርግ፣ ዕቃ መጠቅለሉን እኔ አውቅበታለሁ አለች። ይሄን ስትል አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

የጭነቱን ሹፌር ኑሪን ፈልግልኝ ብዬ ለመንኩት። የቱ ጋራዥ? አለኝ። የማውቀው የባለጋራዡን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ነው። መርካቶ ጋራዥ ስንት ነው፣ በስም ጠርቼ ልዙር? አለ። እውነቱን ነው።

ግ/ማች መጡ። ደብዳቤ ይዘው። ለልጃቸው ነው። ነገርኳቸው። እጄ ባንኮኒው ላይ፣ አማርኛዬ እንደምንም። ጌታዬ፣ ከተቆጡኝ ቀን ወዲህ የላኩት ሁሉ አ.አ. ታግዷል፣ ልጅዎ አንዱም አልደረሰውም፣ ምክንያቱ ቴምብሩ ስላልተመታ ነው። ከዘራው ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሳም። አንዱም? አሉ። አንዱም።

ደብዳቤውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ምታው» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

መታሁት። መሐል ፊቱን። ድምፁን ሲሰሙ ትከሻቸው ሰበር አለ። ሳይዞሩ ወጡ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ወ/ሮ ዘይነባ ዛሬ ገበያ አልወጡም። ስላላየኋቸው እፎይ አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። ዝማሬው ሞቅ ያለ ነበር። እኔ አልዘመርኩም። ልቤ ክምሩ ጋ ነው።

ወሰንኩ። ማክሰኞ እፈርማለሁ። ቸልተኛ ይበሉኝ። ቃል ነው፣ ቃል አይገድልም። ደብዳቤው ከወጣ ኑሪ በሳምንቱ መጨረሻ ይደርሳል። ለብርሃኔ ነገርኳት። ደግ አሰብክ አለች። የሚያዛውሩኝ ሀደሮ ቢሆን የእናቷ ዘመዶች አሉ፣ ሙዱላም ቢሆን ገበያው መልካም ነው እያለች ትቆጥርልኛለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ በላሁ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ፖ/ቤቱን ስከፍት የወ/ሮ ዘይነባ ወንድም ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ለኑሪ ደብዳቤ ጻፍልኝ አለ።

ባላቸው ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ነው ያረፉት። ትናንት ተቀበሩ። እኔ ዝማሬ ላይ ሳለሁ።

ጻፍኩ። ወንድምየው በሐድያኛ ይነግረኛል፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ብዙም ስለማልችል ቀስ እያለ ነው የሚናገረው። እስከ መጨረሻው በሩን ሲያዩ ነበር በልልኝ አለ። እሱን መጻፍ አልቻልኩም። ከዚያ ጻፍኩት።

ቴምብር ለጠፍኩ። መታሁ። ከባድ አድርጌ መታሁ፣ ወንድምየው ደንግጦ አየኝ። ከዚያ ነው የገባኝ። ያኛው ደብዳቤ ነገ ቢለቀቅ እንኳ ከዚህኛው ጋር አብሮ ሊደርስ ነው። አባትህ ታሟል የሚለውና አባትህ ተቀብሯል የሚለው በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ። የቱን ቀድሞ ይከፍት ይሆን?

ወንድምየው አመሰገነኝ። አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ዘይነባም ሁልጊዜ ትላለች አለኝ። ቆሜ ሰማሁት። አልተናገርኩም። እንደገና አልተናገርኩም!

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ተቆጣጣሪው ከዱራሜ ተመለሰ። ሻይ አዘዝኩለት፣ አልጠጣም። ወረቀቱን ዘረጋ። አነበብኩት። ቸልተኝነት የሚለው ቃል ጋ ቆምኩ። ልሰርዘውና «ፍርሃት» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶውን አስጠጋሁ። ተቆጣጣሪው እጄን ያዘኝ። ክምሩን አስብ አለ። አሰብኩ። ስንት ታማሚ፣ ስንት ደጅ የሚያይ እዚያ ውስጥ አለ? የወ/ሮ ዘይነባ ጊዜ አለፈ፤ የሌላው አላለፈም።

ፈረምኩ።

አብሮኝ ተነስቶ ጨበጠኝ። አሁን ሄደ። አቧራው ገና አልተቀመጠም። አንድ ሰው ቴምብር ሊገዛ መስኮቱን ያንኳኳል፣ ትንሽ ይቆይ።

ያው ማክሰኞ፣ ቤት

ማስታወሻዬ፣ ለመ/ቤቱ ቸልተኛ ነኝ ብዬ ፈርሜአለሁ። ለወ/ሮ ዘይነባ ግን እንዲህ አልልም። መንገድ ነው፣ ጎማ ነውም አልልም። ነገ ለቅሶ ቤት ሄጄ፣ ደብዳቤዎን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጮኸብኝና ፈራሁ እላቸዋለሁ። በሐድያኛ ፈራሁ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ያቺን አልስትም።

ምን ይሉኝ ይሆን? ያባርሩኛል። ይርገሙኝ፣ ይገባኛል። ዝም ካሉኝ ግን፣ እንደዚያ እንደ ሁልጊዜው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ካዩኝ…

ብርሃኔ አብሬህ እሄዳለሁ አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ አሁኑኑ እንሂድ፣ ነገ ድረስ ምን ያስጠብቀናል እያለች በሩ ላይ ቆማለች። ልክ ናት። እየሄድን ነው።